«የለም» ያልኩበት ድልድይ

በየወሩ የምሞላው ቅጽ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ «ታይቷል» ይላል፣ ሌላው «አልታየም»። ሥራዬ ሲጨመቅ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ያቺን ምልክት ለማድረግ ግን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቼ እስከ ሰመራ፣ ከሰመራም አልፌ ሰርዶ ድረስ እሄዳለሁ። በየወሩ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚህ ጉልበት።

የምፈልገው ዛፍ ወረቀት ላይ ፕሮሶፒስ ይባላል። አፋሮቹ ደርጊ ሐራ ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለታቸው ነው፣ በዚያ ዘመን ስለመጣ። በረሃውን ያለመልማል ተብሎ ነበር አሉ። አላለመለመም አይባልም። በጌዋኔ በኩል ያለፈ መንገደኛ አረንጓዴውን አይቶ ፎቶ ያነሳል። ከሥሩ ግን ሣር የለም፣ ውስጡ ከብት አያሳልፍም፣ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል። ያመጣው መንግሥት ወረደ፣ ከእሱ በኋላ የመጣውም ወረደ፣ ዛፉ ግን የማይሻር ሹም ሆኖ ተቀመጠ።

እግር የለውም፣ ግን በከብት ይሄዳል። እንደ ፋሶሊያ ረዘም ያለ ቢጫ ፍሬ አለው፤ ጣፋጭ ነው፣ ፍየልም ላምም ይወዱታል። ሥጋውን ይፈጩታል፣ ዘሩን ግን ሆዳቸው አይነካውም። እንዳለ ከእበት ጋር ይወጣል፣ ማዳበሪያውን ይዞ። ወደ ጅቡቲ የሚጫኑ ከብቶችም በመኪና ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሾፌሮቹ ሲያርፉ ረዳቶቹ የጭነቱን ወለል ጠርገው እበቱን መንገድ ዳር ይደፉታል። ስለዚህ የምመረምረው በረሃውን ሁሉ አይደለም። ረዳቶች እበት የሚደፉበትን ቦታ ነው። ዲፕሎማዬን ስቀበል ለዚህ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ቡቃያው ብቅ ሲል በሁለት ጣት ይነቀላል። ዓመት ሲሞላው ዶማ ይፈልጋል። ሦስት ዓመት ከሞላው ጸሎት ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዛፍ የተነገረ ይመስለኛል። ችግሩ ቡቃያ የሚፈልግ ሰው ሥራው ሲሳካለት የሚያሳየው ነገር የለውም። ሰመራ ቢሮ ገብቼ «አልታየም» የሞላበት ቅጽ ሳስረክብ ተቀባዩ ሽቅብ አይቶኝ፣ «ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?» ይላል። ሲቀልድ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ያንኑ ሲቀልድ ግን ቀልድነቱ ያልቃል።

ከዚህ ሥራ በፊት በአዋሽ በኩል ዛፉን በማስመንጠር ላይ ነበርኩ። ለጥጥ ለቀማ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞችን ይዘን በገጀራና በዶማ እንገባለን። ሥሩ ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ካልተቆረጠ ያቆጠቁጣል፤ አንድ ግንድ ቆርጠህ በዓመቱ ስትመለስ አምስት ሆኖ ይጠብቅሃል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላል ተረቱ። እንቦጭ የሚባል አረም ጣና ላይ መጥቶ ተረቱን ሥጋ እንደሚያለብሰው የተረቱ ባለቤት አላወቀም። እኛ የአረም ሰዎች ስንገናኝ በዚህ እንስቃለን። ሌላ የምንስቅበት ነገር ብዙም የለንም።

እንግዲህ ሐጂው። ስማቸው ሌላ ነው፣ ግን ከሰመራ እስከ ሰርዶ ሁሉም የሚያውቃቸው በዚህ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን የአፋር ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ የተማሩት ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው፤ «አንቱ» የሚባል ነገር አልደረሳቸውም። ሚኒስትር ቢመጣ «አንተ» ነው፣ እኔንም «አንተ» ነው። እኔ አንቱ ስላቸው ከጎናቸው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብለው ያዩ ነበር።

ሐጂው አንድ ደሶ አላቸው። ደሶ የሚሉት ለበጋ ተከልሎ የሚቆይ የግጦሽ መሬት ነው። የእሳቸው ብቻ አይደለም፣ የጎሣቸው ነው፤ ጠባቂው ግን እሳቸው ናቸው። ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ የክረምት ጎርፍ የሚተኛበት ረባዳ ቦታ ነው፤ ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ፣ መካከሉ ሣር። በጋው ሲከፋ፣ ላሞቹ ቆዳቸው አጥንት ላይ ሲጣበቅ፣ ያኔ ይከፍቱታል። የአጎታቸው ልጆች በታችኛው አዋሽ የነበራቸውን እንዲህ ያለ መሬት ዛፉ ውጦባቸው ከብታቸው አልቆ ከተማ ገብተዋል። ሐጂው ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ በየወሩ ስደርስ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዛፉ የት ደረሰ?

የሚጠይቁት በዳጉ ነው። ዳጉን የማያውቅ ሰው ወሬ ይለዋል፣ ወሬ ግን አይደለም። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ እጅ ተሳስሞ ቁጭ ይላል። ከየት እንደመጣ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ግመል እንደጠፋ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ለብቻ፣ በጆሮ የሰማውን ለብቻ አድርጎ ነው የሚናገረው። ሰሚው ለሚቀጥለው ያደርሳል። የሰው ከብት፣ የሰው ሕይወት በዚያ ቃል ላይ ስለሚነሳና ስለሚያርፍ ሐሰት የተናገረ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። እኔ አፋር አይደለሁም። ግን በዚያ መንገድ ከተመላለስኩ ወዲህ እኔንም ያስቀምጡኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ የማይፈለገው ቃሌ እዚያ ይፈለግ ነበር።

ከሐጂው መንደር አንድ ሰዓት የእግር መንገድ ሲቀር አስፋልቱ ላይ ትንሽ ድልድይ አለች። ከሥሯ ደረቅ ወንዝ ነው፤ አሸዋው ሲቆፈር ውኃ ይወጣል። ከብት የጫኑ መኪኖች እዚያ ይቆማሉ። በደንቡ መሠረት እኔ ወርጄ ወንዙን ተከትዬ ከመታጠፊያው በኋላ ያለውን ሁሉ ማየት አለብኝ። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ድንጋዩ በጫማ ውስጥ ያቃጥላል።

በዚያ ሰኔ እግሬ ውስጥ እሾህ ነበረ። ይኸው የዛፉ እሾህ ነው፣ ጌዋኔ ላይ የቦት ጫማዬን በስቶ ገብቶ ጫፉ ውስጥ ቀርቷል። ተረከዜ አብጧል፣ ጉልበቴም በእሱ ምክንያት ተጣምሟል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሾፌሬ መኪናዋን አቀዘቀዘ። አርባዎቹን የተሻገረ፣ ቀድሞ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳ የነበረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

«ልቁም ጋሼ?»

«ቀስ በል ብቻ።»

በመስኮት በመነጽር አየሁ። አሸዋ፣ ሁለት ግራር፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «አልታየም» ላይ ምልክት አደረግሁ። ሾፌሩ አንዴ ዞር ብሎ አየኝና ማርሽ ቀየረ።

ያን ቀን ብቻ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። በእሾሁ ማሳበብ ይቻላል። ግን ዛፍ በአንድ ወር አያፈራም፣ ውሸቴን የሚያጋልጠው ዛፉ ራሱ ነው። መታጠፊያውን አልፌ ከሄድኩ ሁለት ዓመት ከግማሽ ሆኖኝ ነበር። መጀመሪያ እስከ መታጠፊያው እሄድና እመለስ ነበር። ከዚያ ድልድዩ ላይ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ከመኪናው። ድካም እንዲህ ነው፣ በአንዴ አይጥልህም፤ በየወሩ ጥቂት እርምጃ ይቀንስልሃል፣ አንተም ታመሰግነዋለህ።

ቅጹ ደግሞ ይመቻል። «አልታየም» የሚለው ቃል ባለቤት የለውም። ማን እንዳላየ፣ ከየት ሆኖ እንዳላየ አይናገርም። ወረቀቱ ላይ አልዋሸሁም፤ በእርግጥም አልታየም። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር ሐጂው መንደር የደረስኩት።

እጅ ተሳሳምን፣ ቁጭ አልን፣ ወተት መጣ። ከአዋሽ ጀምሬ ነገርኳቸው፤ የት ዝናብ እንዳካፋ፣ ሰመራ ገበያ የፍየል ዋጋ ምን እንደሚመስል። እሳቸው በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሳበቃ እንዲህ አሉኝ፤

«ዝናቡ ዘገየ፣ በጋው ከፋ። ደሶውን ልከፍት ነው። ከብቱ ሩቅ ነው ያለው፣ ሲመጣ ድልድዩ ጋ ያርፋል፣ ውኃ አለ፣ ጥላ አለ። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን። ከዚያ ደሶ ይገባል። ድልድዩ ጋ ዛፉ አለ?»

«የለም» አልኩ።

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ።»

ለምን እንዳልኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። «አላየሁም» ማለት ይቻል ነበር፣ አንድ ቃል ነው። ግን «አላየሁም» ካልኩ «ለምን?» ይመጣል። «ለምን?» ከመጣ ተረከዜን ማሳየት ይመጣል። ደክሞኝ ነበር፣ ወተቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሽማግሌው ደግሞ በእኔ ቃል ፊታቸው ሲፈታ ማየት እወድ ነበር።

ነሐሴ ጥሩ ዘነበ። መስከረም ላይ አዋሽ ሰባት ኪሎ ጎማ ላስጠግን ጋራዥ ቆሜ ሳለ የማላውቀው የተሳቢ ረዳት መጣና፣ «የዛፉ ሰውዬ አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩ። «ሐጂው ና ብለውሃል። ሣሩ ውስጥ የማያውቁት ነገር በቅሏል።» እሱም የሰማው ሰርዶ ሻይ ሲጠጣ ነው፤ የነገረው ሰው ደግሞ ከሌላ ሰምቶ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም፣ ዳጉ ግን ነበር።

በማግስቱ ደረስን። ደሶው አረንጓዴ ሆኗል፣ እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም። ሐጂው ፊት ፊት እየሄዱ መካከሉ ላይ አቆሙኝና በዱላቸው መሬቱን ነኩ። የደረቀ እበት ነው። ከእበቱ መሐል ስድስት ሰባት ቡቃያ፣ ጣት የሚያህሉ፣ ቅጠላቸው እንደ ማበጠሪያ። ሁለት እርምጃ ወዲያ ሌላ እበት፣ እዚያም ላይ። ቀና ብዬ ሳይ ሣሩ ውስጥ እበት በወደቀበት ሁሉ ያው ነው። የፍየል በጠጥ ከተበተነበት ደግሞ አንድ አንድ እያለ ወጥቷል።

«እሱ ነው?» አሉኝ።

«እሱ ነው።»

ከየት እንደመጣ አልጠየቁኝም። ከብቱ የት እንዳረፈ እሳቸው ያውቃሉ። ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ፤ እኔና ሾፌሩ ተከተልን። ድልድዩ ጋ ደርሰን ወደ ወንዙ ወረድን፣ መታጠፊያውን አለፍን። ከመታጠፊያው በኋላ ሠላሳ እርምጃ እንኳ አይሆንም። ከሰው ቁመት የበለጡ ዘጠኝ ዛፎች፤ ሥራቸው በከብት ኮቴ ተረግጦ ደልዳላ ሆኗል፣ የተረፈው ፍሬ ረግፎ አሸዋው ላይ ተነጥፏል። ሐጂው የነገሩኝ ጥላ ይኸው ነበር። ጥላ መሆኑን ከብት ጠባቂዎቹ አይተዋል፣ ዛፉን ግን አያውቁትም፤ በዚያ አካባቢ አልነበረማ። የሚያውቀው ሰው ደግሞ «የለም» ብሏል።

ሐጂው አንድ ፍሬ አንስተው ሰበሩት፣ አሸተቱት፣ ጣሉት።

«የለም ብለህ ነበር።»

«አላየሁም ነበር ሐጂ። ከመኪናው አልወረድኩም።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡ እፎይ እል ነበር።

«አላየሁም ብትለኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ራሴ ሄጄ አይ ነበር። ወላሂ፣ አንድ ሰዓት ነው። ራሴ አይ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ነው። ዘጠኙን ዛፎች በዶማ ከሥራቸው አወጣናቸው። ለደሶው የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጣ፣ ሴቶቹ፣ ወንዶቹ፣ እኔ፣ ሾፌሩም ሳይቀር። መሬቱ ርጥብ ስለነበረ ቡቃያው እሺ ብሎ ይነቀላል። ዘጠኝ ቀን ጎንበስ ብለን ነቀልን። እያንዳንዱን በጣቴ ስይዝ ይህችን እኔ ነኝ የዘራኋት እል ነበር፤ ማጋነን አይደለም፣ ነገሩ እንዲያ ነው። በአሥረኛው ቀን መጀመሪያ ያጸዳነው ጥግ ላይ አዲስ ብቅ ብሎ አገኘሁ። ዘሩ መሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መጠበቅ እንደሚችል አውቃለሁ። ሐጂው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ያልኳቸው ሁሉ እውነት ነበር፣ አርፍዶ ቢሆንም።

እንዲያርፍና እንዲታይ ብለው ደሶውን በዚያ ዓመት አልከፈቱትም። በጋው ሲመጣ ከብታቸውን ይዘው ወደ ሩቅ ዘመዶቻቸው ሄዱ። በሰው መሬት መለመን ለአንድ ደሶ ጠባቂ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ መገመት ግን አያቅትም። በየወሩ ሳልፍ መንደሩ ባዶ ነበር። ዳቦይታ የሚሏቸው የሰሌን ቤቶች ተነቅለው በግመል ተጭነው ሄደዋል፣ የቀረው ክብ ክብ ያለ የድንጋይ ምልክት ነው። እኔ ግን ሥራዬን ሠራሁ። እሾሁ ወጥቶልኛል፣ ጉልበቴ ባይድንም። በየወሩ ድልድዩ ጋ ወረድኩ፣ መታጠፊያውን አለፍኩ፣ ደሶው ገብቼ ያገኘሁትን ነቀልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ከሾፌሬ በቀር ማንም አላየኝም። ቅጹ ላይ «ታይቷል» ስል ሰመራ ያለው ሰውዬ፣ «በስተርጅና ጎበዝክ» አለኝ።

ሐጂውን ያገኘኋቸው በዓመቱ፣ ከዝናብ በኋላ ነው። ተመልሰዋል። ከብቱ አንሷል። ስንት እንደቀረ አልጠየቅሁም፤ አፋር ከብቱን አይቆጥርልህም፣ እኔም ለመስማት ድፍረቱ አልነበረኝም። ደሶው በዚያ ዓመት ቡቃያው ሳስቶ ነበርና ሊከፍቱት አስበዋል። ከብቱ ሲመጣ እንደ ድሮው ድልድዩ ጋ ውኃ መጠጣት አለበት፣ ሌላ ውኃ የለም።

እኔ ያን ቀን ጧት ሁለት ሰዓት ሙሉ በወንዙ ውስጥ ሄጄ ነበር። መታጠፊያውን አልፌ፣ ከዚያም አልፌ፣ አሸዋው እስከሚያልቅበት። አንድ ቡቃያ እንኳ አልነበረም። ይህን ቃል ይዤ ነው የመጣሁት። በአሥር ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ለመናገር ቸኩዬ አላውቅም።

ሐጂው እጄን ያዙ፣ ሳሙ፣ ሳምኩ። አስቀመጡን። ወተት መጣ፣ መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሾፌሬ አዙረው፣

«ዳጉ?» አሉት።

ሾፌሩ እኔን አየ። እሳቸው ግን እሱን ነው የሚያዩት። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤ ከአዋሽ፣ ስለ ዝናቡ፣ ሚሌ ላይ ስለተገለበጠው ተሳቢ። እንደ እኔ አያውቅበትም፣ ይዘላል፣ ይመለሳል። ሐጂው ታግሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ድልድዩ ጋስ? ዛፉ አለ?»

«ጋሼ ወርዶ አይቷል። ሲወርድ አይቼዋለሁ፣ ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው።»

«እሱ ሲወርድ አይተሃል፣ እሺ። ዛፉንስ?»

ሾፌሩ ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየ። መኪናው ውስጥ ነበር የጠበቀኝ።

«እኔ አላየሁም» አለ።

ሐጂው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ፣ ጥሩ ነገር እንደነገራቸው ሰው። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና ሸበጣቸውን አጠለቁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

«ሐጂ፣ በመኪና ላድርስዎት» አልኩ።

«ከመኪና አይታይም» አሉኝ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ ለማያውቅ ሰው መንገድ እንደሚያሳዩ ሆነው። ከዚያም ወደ ድልድዩ መንገድ ጀመሩ። የወተቱን ዕቃ አስቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁና ከኋላቸው ተከተልኩ። እስክንደርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም።